አባቴን ከመኪናዋ ጎን አውርዳችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ

ይድረስ፦ ለክብርት ወይዘሮ ዴይድሬ ሃልፎርድ፣ የሚራቡል ወረዳ የስደተኞች መቀበያና ማቋቋሚያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለከተማችን ጋዜጣ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ኩላሊትዎ እንዴት ነው? ሁለቱም ይሠራሉ? እንኳን ሠሩልዎ። ኩላሊቱ የሚሠራለት ሰው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የራሱ እንደሆኑ እንኳ ልብ አይለውም፤ እግዜር እርስዎንም ልብ ሳይሉት ረጅም ዕድሜ ያኑርዎ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለውንም የምለው ከልቤ ነው።

ደብዳቤውን አደባባይ ያወጣሁት ንቄዎት አይደለም። በግል አራት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። አራቱንም ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «መልእክትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል መልስ መጥቶልኛል። በጣም ደስ ይላል፤ አራት ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለኝ ማለት ነው። አምስተኛውን ግን ልብስ ማጠቢያ ቤት ልለጥፈው ብዬ ወሰንኩ። እዚያ ሰው ልብሱ ታጥቦ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ ስለሚቀመጥ የግዱን ያነባል።

ኖ ሴር ጌ እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ካረን የምንባል ሕዝብ ነን፤ የበርማ ወታደር መንደራችንን ካቃጠለ በኋላ ቤተሰቤ ታይላንድ ድንበር ላይ ካለ ካምፕ ገባ፤ እኔም እዚያው፣ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ተወለድኩ። ሚራቡል ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ትምህርቴን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ደብዳቤው ላይ ስህተት ካገኙ መምህሮቼን እንዳይወቅሱብኝ፤ ያቋረጥኩት በእናንተ ምክንያት ነውና ስህተቱን የራስዎ ቢሮ ሥራ አድርገው ይዩልኝ።

አባቴን ያውቁታል። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ግቢያችሁ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የምትቆመው ነጭ መኪና አለች አይደል፣ መንግሥት ለስደተኛ ማቋቋሚያ በሰጠው በጀት የተገዛችው፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ለስላሳ መቀመጫ ያላት? በግራ ጎኗ ላይ አንድ ጠይም ሰውዬ ቁመቱን አክሎ ተለጥፎ ይስቃል። ከሥሩ «ሶ፦ በአሥራ አንድ ወር ራሱን የቻለ» ይላል። እሱ አባቴ ነው። እኔ ፓ ነው የምለው። ቀኝ ጎኗ ገና ባዶ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ። እናንተ ቁጥር ትወዳላችሁ።

አንደኛ። ስለ ስሙ አመሰግናለሁ። የአባቴ ስም ክለር ቱ ነው። «ሶ» ማለት በእኛ «አቶ» ማለት ነው። ቅጻችሁ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አላልፍም ስላለ «ሶ»ን አንዱ ቦታ ላይ ወሸቃችሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቢሮአችሁ ሲጠራው «አቶ አቶ» እያለ ነው። መኪናዋም ላይ ያለው እሱ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አቶ ባለበት ዓለም አንዱ አቶ በአሥራ አንድ ወር ራሱን ችሏል። እንኳን ደስ አላችሁ። ይሄ ትንሿ ነገር ናት፤ እጄን ለማፍታታት ነው ያስቀደምኳት።

ሁለተኛ። ስለ አሥራ አንዱ ጥያቄ አመሰግናለሁ።

ፓ እዚህ በመጣን በሰባተኛው ወር ሁለቱም ኩላሊቱ እምቢ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ኬልስተን ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ እዚህ ሚራቡል ማሽኑ የለም። ኬልስተን ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ለአራት ወር ያቺ ነጭ መኪና ታደርሰውና ትመልሰው ነበር። ይሄን አልክድም። ያን ጊዜ የእውነት ነው የመረቅናችሁ።

ከዚያ ኬይሊ መጣች። ኬይሊ የእናንተ ሠራተኛ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው፤ እሷን ማንም ክፉ እንዳይናገርብኝ። እንደምትመጣ ስላወቅን እናቴ ከምትሠራበት የእንጉዳይ እርሻ ፈቃድ ጠይቃ ታካፖ ሠራች፤ ሩዝ፣ ዓሣና የቀርከሃ ቡቃያ አብሮ እስኪወፍር የሚፈላበት የእኛ ሾርባ ነው። ኬይሊ ሁለት ሳህን በላች። ፓ ትራሙ፣ ትራሙ እያለ ዓሣውን ወደሷ ይገፋላታል። ትራሙ ሴት አስተማሪን መጥሪያ ነው፤ የምናከብራትን ሴት ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራት።

ሳህኑ ሲነሳ ቅጹን አወጣች። በስልክ የተያዘው አስተርጓሚ መስመሩ ተቋረጠ። ሦስቴ ደወለች፤ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚያሰማው። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ሴር ጌ፣ አንቺ ታግዢኛለሽ አይደል? ቶሎ ነው የሚያልቀው። አሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።»

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር።

«የቤት ኪራዩን ራሳችሁ መክፈል ትችላላችሁ?»

«ጥሩ ነው፣ ትራሙ» አለ ፓ።

«ደብዳቤ ቢመጣላችሁ የሚያነብላችሁ አለ?»

«ጥሩ ነው። ብዙ አድክመንዎታል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ላይ ደረሰች። «ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖርዎ ያለ እኛ እርዳታ መሄድ ይችላሉ?»

እኔ እንደ አስተርጓሚ ዝም ብዬ ማስተላለፍ ሲገባኝ አልቻልኩም፤ በራሳችን ቋንቋ «ፓ፣ መኪናዋ ትቀራለች ማለት ነው እኮ! በምን ልትሄድ ነው?» አልኩት።

ምንጣፉ ላይ፣ አጭሯን ጠረጴዛ ከበን ነው የተቀመጥነው። ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ እግሬን ተጫነኝ። ፊቱ ግን እየሳቀ ነው። «እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ። «ልጅቷ ስንት ቤት ነው የምትዞረው? እኛ ብቻ ነን እንዴ? ጥሩ ነው በያት።»

እኔም «ጥሩ ነው ይላል» አልኳት።

ኬይሊ ምልክት አደረገች። አሥራ አንድ ጥያቄ፣ አሥራ አንድ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ «ዋው፣ እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ አላየሁም፣ ሶ!» አለችና በስልኳ ፎቶ አነሳችው። መኪናዋ ላይ ያለው ፎቶ ያ ነው። እንደዚያ የሚስቀው እንግዳው ስለጠገበለት ነው።

ክብርት ሆይ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያውቃሉ? የማያውቁ ከሆነ በአጭሩ ላስረዳዎ። እኛ ስንገናኝ ሰላምታችን «ሩዝ በላህ?» ነው። መልሱ «በላሁ» ነው። ከትናንት ጀምሮ ያልበላም «በላሁ» ነው የሚለው። ጠያቂው ይሄን ስለሚያውቅ መልሱን አይሰማም፤ ተነስቶ ሳህን ያመጣል። ካምፕ ውስጥ ሩዝ ባለቀበት ወር ሁሉም እንደበላ እየተናገረ፣ ሁሉም ለሁሉም ሳህን እያመጣ ነው ያደግነው። ሳህኑን ሳያመጡ መልሱን የጻፉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ።

እኔስ? እኔም አለሁበት። ቃሉን በትክክል ተርጉሜ ነገሩን ገደል ከተትኩት። ግን እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ደሞዝም አልነበረኝም፤ እናንተ ዕድሜውንም ደሞዙንም አላጣችሁም።

ሦስተኛ። ስለ አውቶቡሱ አመሰግናለሁ።

መኪናዋ ስትቀር መጀመሪያ እናቴ ነበረች ከፓ ጋር የምትሄደው። የእንጉዳይ እርሻው አለቃ «በሳምንት ሦስት ቀን የምትቀሪ ከሆነ ሌላውንም ቀን ቅሪ» አላት። ቤቱ የሚኖረው በእሷ ደሞዝ ስለሆነ ተራው የእኔ ሆነ። ፓ ለብቻው አይሄድም ወይ ይሉ ይሆናል። እጥበቱ ሲያልቅ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ በእንግሊዝኛ የሚያውቀው ደግሞ «አመሰግናለሁ» እና «ጥሩ ነው» ብቻ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ «ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» ቢልዎ ያነሱታል? አያነሱትም። አልፈውት ይሄዳሉ፤ እሱ ራሱ ጥሩ ነው ብሏላ።

አውቶቡሱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይነሳል። ፓ እኩለ ቀን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ማሽኑን ይጨርሳል። የመመለሻው አውቶቡስ ግን አመሻሹ ላይ ነው። በመሀል ጣቢያው አግዳሚ ላይ አምስት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። በበጋ አርባ ዲግሪ ይገባል፤ ፓ ደግሞ በቀን እንዲጠጣ የተፈቀደለት አራት ትንንሽ ስኒ ነው፣ ውኃም ሻይም ሾርባም ተደምሮ። በረዶ ይዤለት እሄዳለሁ፤ አንዷን እየመጠጠ «ደስ ይላል» ይለኛል።

በሳምንት ሦስት ቀን የሚቀር ተማሪ ደግሞ በሁለቱ ቀን የሚማረው ትምህርት መሀሉ የተቀደደ መጽሐፍ ነው። ለሁለት ተርም ታገልኩ። አንድ ቀን ሒሳብ መምህሬ «ዛሬ ምን ነፋስ አመጣሽ?» ሲለኝ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ወንበርም ገልብጫለሁ። እሱን አልክድም፤ ወንበሩ ጥፋት አልነበረበትም።

የአውቶቡሱ ሹፌር ዳረን ይባላል። ፓን መኪናዋ ላይ አይቶታል። መጀመሪያ መጀመሪያ በሩን ሲከፍት ይጮህ ነበር፦ «ኧረ ዝነኛው መጣ! ምነው አለቃ፣ ዛሬም በእግር? መኪናህን ማን ወሰደብህ?» ተሳፋሪው ይስቃል። ፓም አብሮ ይስቃል። «ምን አለ?» ይለኛል። «እንደምን አደርክ ነው ያለህ» እለዋለሁ። ታዲያ አንድ ረቡዕ ስንመለስ ፓ መውረጃው ደረጃ ላይ ተዝለፈለፈና ዳረን ነው በሁለት እጁ አፍሶ ያነሳው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀልዱን ተወ። ፌርማታ ያልሆነው የቤታችን ማዕዘን ላይ ሲደርስ ያቆማል። አንድ ሴትዮ «እዚህ ማቆም አይፈቀድም እኮ» ስትለው «እንግዲያው ክሰሺኝ፣ እማማ» አላት። ዳረን ለስደተኛ ማቋቋሚያ ምንም በጀት የለውም። ፍሬን ብቻ ነው ያለው።

ባለፈው ወር ሠራተኞቻችሁ ሐይቅ ዳር ለመዝናናት በዚያች መኪና ሲሄዱ እኔና ፓ ፌርማታው ላይ ቆመን ነበር። መኪናዋ በአጠገባችን አለፈች። የተለጠፈው ፓ የቆመውን ፓ አልፎ ሄደ። የቆመው ፓ እጁን አውለበለበ። ከውስጥም አውለበለቡለት። በጣም የሚያምር ትዕይንት ነበር፤ ፎቶ ያነሳ ሰው አለመኖሩ ቆጭቶኛል።

አራተኛ። ስለ ሽልማቱ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የአሥራ ስምንት ወር በጀት ይሰጣችኋል፤ አንዱን ቤተሰብ በአሥራ አንድ ወር «ጨርሷል» ብሎ ማሰናበት ለእናንተ ቅልጥፍና ነው፣ እሱም አሸልሟችኋል። መግቢያችሁ ላይ ያለውን የመስታወት ዋንጫ አይቼዋለሁ። ያማረ ነው። እንድነካው አልተፈቀደልኝም።

አምስተኛውን ቁጥር አልሰጠውም። ይሄኛው ከምስጋናዎቹ ጋር የሚቆጠር አይደለም።

ከጥቂት ወራት በፊት እንደ ልማዴ ደጅ ስጠብቀው ፓ ከሆስፒታል ወጣና ፊቱ በርቶ «የምሥራች!» አለኝ። «ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ተሻሽለሃል፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃሃል ብሎኛል። ዓርብ ቀረ። አንድ ቀን አገኘሽ፣ ትምህርት ቤት ሄደሽ አናግሪያቸው።» ያን ቀን እንዴት እንደዘለልኩ! ጣቢያው ውስጥ ጮኬያለሁ። ሄጄም አናገርኳቸው። ርዕሰ መምህሯ ጥሩ ሴት ናት፤ ወንበሩን ይቅር ብላኝ ለሚቀጥለው ዓመት መዘገበችኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመዝሙር ቆምን። ፓ ከፊቴ ነው የቆመው፤ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ስላለው በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። መዝሙሩ ሲጀመር አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን የለም። ወንበሩን ያዘ። ከዚያ ወደ ፊት ሄደ፤ ሄደ ስል ወደቀ ማለቴ ነው። ሳንባው ውኃ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ ጭንብሉን ከአፉ ገለጥ አድርጎ ለሠራተኛው ያለውን ይገምቱ። አዎ። «ጥሩ ነው» ነው ያለው።

ኬልስተን ስንደርስ ነርሷ ጎተት አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «አምስት ዓርብ ለምን ቀረ?» አለችኝ።

«ሁለቴ ይበቃሃል ብላችሁታል አይደል?»

«ማነው ያለው? የኔ እናት፣ እኛ ዓርብ ዓርብ እንደውልለታለን። 'እሺ፣ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ' ብሎ ይዘጋዋል። ሰኞና ረቡዕ ሲመጣ ስንጠይቀውም ያንኑ ነው የሚለን።»

ሐኪም የሚባል ነገር አልነበረም፣ ክብርት ሆይ። መሻሻልም አልነበረም። ዓርቡን የሰጠኝ ከራሱ ደም ላይ ቀንሶ ነው። እኔ ደግሞ ጣቢያ ውስጥ ዘልያለሁ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ቢሮአችሁ አመለከትኩ። አቤቱታውን ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ በአንደበቱ መናገር አለበት አላችሁ። ጥሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማጀት ውስጥ አለማመድኩት።

«መሄድ ትችላለህ?» እለዋለሁ።

«አል…» ይልና ይስቃል።

«ፓ!»

«እሺ፣ እሺ። አልችልም።»

«ድገመው!»

«አልችልም። ኧረ አስተማሪ ሆንሽብኝ። እንደዚህ እያወቅሽ ነው ትምህርት ያቆምሽው?»

ከሦስት ሳምንት በፊት ፊታችሁ ቀረብን። ሦስት ሆናችሁ ተቀምጣችኋል፤ እርስዎ መሀል ነበሩ፣ አረንጓዴ ሻርፕ አድርገው። በዚህኛው ቀን የካረን አስተርጓሚ በአካል አምጥታችኋል፤ ለዚህ ያለ ቀልድ አመሰግናለሁ። እርስዎም በጣም ደግ ነበሩ። ተነስተው በእጅዎ ሻይ ቀዱለት፣ በትልቁ ስኒ። የቀኑን የፈሳሽ ድርሻውን ግማሽ ማለት ነው። «አይጠጣም» ልል አፌን ስከፍት ፓ አየኝ፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጠጣው። እርስዎ ባዶ ስኒ አይተው ደገሙለት። እሱንም ጠጣው። ብስኩቱንም በላ። ከዚያ እርስዎ ድምፅዎን ለስለስ አድርገው፦ «የትራንስፖርት እርዳታ ያስፈልግዎታል ወይ?»

ፓ ስኒውን አየ። እርስዎን አየ። በሁለት እጁ የተቀበለው ስኒ ነው፤ ሁለቴ የቀዳችለት ሴት ፊት «የሰጣችሁኝ አልበቃኝም» እንዴት ይበል?

«ጥሩ ነው» አለ። «ብዙ አድርጋችሁልናል። ከእኔ የባሰ አይጠፋም፤ ለሱ ስጡት።»

ተነስቼ «ይዋሻል!» ብዬ ጮህኩ። በእኛ ዘንድ ልጅ አባቷን ሰው ፊት እንዲህ አትልም፤ አስተርጓሚው ራሱ ደንግጦ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ስለራሱ የመናገር መብት አለው። መብቱን እናክብርለት» አሉኝ። አከበራችሁለት። «ባለጉዳዩ እርዳታ እንደማይሻ በድጋሚ አረጋግጧል» የሚለው ደብዳቤም በሁለት ቀን ደረሰን። የእናንተ ደብዳቤ እንደዚህ መፍጠን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከስብሰባው ስንመለስ ፓ እስከ ፌርማታው ከፊት ከፊቴ ሄደ። ከተቀመጥን በኋላ «ሰው ፊት ውሸታም አልሽኝ» አለ።

«ውሸታም ነህ እኮ።»

«ነኝ» አለ።

ከዚያ ያለውን እዚህ የምጽፈው እንዲያነቡት ሳይሆን እንዲመዘግቡት ነው። «ትምህርት የሚከፈት ሰኞ አንቺ ክፍል ትገቢያለሽ» አለኝ። «ካልገባሽ እኔ አውቶቡስ ላይ አልወጣም። ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም። አይ ብያለሁ።»

አባቴን አሥራ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። «አይ» ሲል የሰማሁት ይሄን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ውሸት እንዳልሆነ በአምስቱ ዓርብ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ቅጽ ይዞ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ትምህርት የሚከፈተው ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ፓ የሚያጅበው የለም፤ ካልገባሁ ፓ አይሄድም። ሁለቱም መንገድ መጨረሻው አንድ ነው፣ ነርሷ በደንብ ነግራኛለች፤ ያለ እጥበት የሚቆየው ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው እንጂ ወር አይሆንም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይሄንን ነው። ሌላ ቅጽ አይላኩልን። ሌላ ስብሰባ አይጥሩን፤ ሻይ ካለበት ደግሞ ጭራሽ አይጥሩን። ኬይሊን ይጠይቋት፣ ነርሷን ይጠይቋት፣ ዳረንን ይጠይቁት፣ እኔን ይጠይቁኝ። ፓን ግን አይጠይቁት። ትምህርት የሚከፈት ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያቺን ነጭ መኪና አምጥታችሁ በራችን ላይ አቁሟት። ሹፌሩ አይጩህ፣ ጡሩንባም አይንፋ። በሩን ብቻ ይክፈት። ፓ ሰው ደጁ መጥቶ በር ከፍቶለት እየጠበቀ «አልገባም» ብሎ አያዋርድም፤ ይሉኝታው አንድ ቀን እንኳ ለእሱ ይሥራለት።

ሳህኑን አምጡ ነው የምለው።

የቢሮአችሁ ቅልጥፍና፣ የዋንጫችሁ መስታወት፣ የመኪናችሁ ቀዝቃዛ አየር ሁሌም እንዲሁ ይኑርልን እያልኩ፣ ለክብርትነትዎ ያለኝን በቃላት የማይገለጥ (ሰው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ስለሚያነበው በቃላት ያልገለጥኩት) አክብሮት አቀርባለሁ።

ያለ ደሞዝ አስተርጓሚያችሁ፣ ያለ ፈቃድ ነርሳችሁ፣ ያለ መኪና ሹፌራችሁ፣

ኖ ሴር ጌ
የክለር ቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይሄን ስጽፍ ፓ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። «ለማን ነው?» አለኝ። «ለወይዘሮ ሃልፎርድ» አልኩት። ደስ አለው። «ጎሽ። ሰላምታ በይልኝ፤ ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ፣ እኛ ጥሩ ነን በይልኝ» አለ። እንደ ታማኝ አስተርጓሚ ቃሉን ሳልቀንስ አድርሻለሁ። ለእናንተ የተባለው «ጥሩ ነው» ሲቆጠር፣ ቅጹ ላይ አሥራ አንድ፣ ስብሰባው ላይ አንድ፣ ይሄ አሥራ ሦስተኛው ነው። ሰኞ መኪናዋ ካልመጣች የቀኝ ጎኗ ባዶ ነው፤ ይሄንኛውን እዚያ ላይ ለጥፉት። ፎቶውን ግን በጥቁር ፍሬም አድርጉት።